ባለ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ስለ ምን 75 መሰለ?

ጥያቄ፦ በፊልም ካሜራዬ የለመድሁት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በዲጂታሉ ላይ ሲገጠም ነገሩን ሁሉ አቅርቦ ያሳየኛል። ሌንሱ ተለውጦ ይሆን?

መልስ፦ ሌንሱስ እንደ ጥንቱ ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ፣ ማለት የሴንሰሩ ስፋት ነው። የፊልሙ ክፈፍ 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የኒኮን ትንሹ ሴንሰር 24 በ16 ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሌንሱ ከሚያሳርፈው ክብ ምስል መካከሉን ብቻ ተቀብሎ ዳር ዳሩን ይተወዋል፤ ስለዚህም በጥምቀት ዕለት ከነጥላው ሙሉ የገባልዎ ዲያቆን፣ ከዚያው ከቆሙበት ስፍራ በዲጂታሉ ቢያነሡት፣ የጥላው ዘርፍ ተቆርጦ ይቀራል። 36ን ለ24 ሲያካፍሉ 1.5፣ በ50 ሲያባዙት 75 ይሆናል፤ የካኖኑ ትንሽ ሴንሰር ማባዣ ግን 1.6 ነው። (ሻጮች ይህን «ነጻ ማቅረቢያ» ቢሉት አይመኑ፤ መቁረጥ ነው እንጂ ማቅረብ አይደለም።) የቀድሞውን እይታ ከወደዱ ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ይግዙ።