በጡብ የተደፈነችው አሥረኛ መስኮት

ጥያቄ፦ ግብር ከኪሴ ወጥቶ መንግሥት ካዝና ይገባል። ገንዘቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ታዲያ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ብክነት የሚሉት ምኑን ነው?

መልስ፦ የተከፈለው ገንዘብ በእርግጥ አልጠፋም። የሚጠፋው ግብሩን በመሸሽ ሳይሠራ፣ ሳይሸጥ የቀረው ነው። እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. በመስኮት ቁጥር ግብር ታስከፍል ነበር። በ1747ቱ ሕግ ከ10 እስከ 14 መስኮት ያለው ቤት ለእያንዳንዱ መስኮት 6 ፔንስ ይከፍላል፤ 9 ብቻ ያለው ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ልብ ይበሉ፤ አሥረኛዋ መስኮት ብቻዋን 60 ፔንስ አስከፈለች ማለት ነው። ብዙዎች በጡብ ደፈኗት። መንግሥት ከተደፈነችው መስኮት ምንም አላገኘም፤ ቤተሰቡ ግን ብርሃንና አየር አጣ። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የገቢ መዝገብ ላይ አይታይም። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የድሆቹ ዕጣ ነው፤ ብዙ ተከራይ የታጨቀበት ሕንፃ እንደ አንድ ቤት ስለሚቆጠር አከራዮች መስኮታቸውን ይደፍኑባቸው ነበር።

በገበያም ያው ነው። ሻጩ ከ100 ብር በታች የማይሰጠውን ዕቃ ገዢው እስከ 110 ብር ሊወስደው ቢፈቅድ፣ የ15 ብር ግብር ግብይቱን ያስቀረዋል። መንግሥት ምንም አያገኝም፤ ሁለቱ የ10 ብር ጥቅም ያጣሉ። ሰው ሊተወው በማይችለው ዕቃ ላይ ሲጣል ብክነቱ ያንሳል፤ ሸክሙ ግን ድሃው ላይ ይከብዳል።