የቤት ሥራ ጉልበት ይፈጃል

ሰው ሲሠራ ኃይል ያወጣል። ኃይሉን የሚያገኘው ከምግብ ነው። ማገዶ ያጣ ምድጃ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ምግብ ያጣ ሰውነትም ይደክማል። የኃይሉ መለኪያ ኪሎ ካሎሪ ይባላል። 1 ኪሎ ካሎሪ ማለት 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት ነው።

ለማስተማር በሄድንበት መንደር አንዲት እናት ማታ ማታ ፊደል እየቆጠሩ ያንቀላፉ ነበር። «ምነው እትዬ፣ ትምህርቱ ሰለቸዎት እንዴ?» አልናቸው። «ኧረ የለም! ምን ሠራሁና ነው የሚደክመኝ? ይሄ እኮ የቤት ጣጣ ነው» አሉን።

በማግሥቱ ጧት ተከትለናቸው ወንዝ ወረድን። 20 ሊትር የሚይዝ እንስራ ሞልተን ተሸከምን። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ዳገቱን ሳናጋምስ ትንፋሽ አጠረን። ቤት ስንደርስ ደግሞ ወፍጮው ይጠብቀን ነበር። መጁን ይዘን ጥቂት እንደፈጨን ክንዳችን ዛለ። እሳቸው ግን ሕፃን አዝለው ፈጩ። ያን ጊዜ አፈርን። ያንቀላፉት በስንፍና አልነበረም።

እስቲ እናስላ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ተኝታ እንኳ በ1 ሰዓት ወደ 50 ኪሎ ካሎሪ ታወጣለች። ውሃ ስትቀዳ ወይም እንጨት ስትለቅም ግን ከ4 እጥፍ በላይ፣ ማለት ከ200 ኪሎ ካሎሪ በላይ ታወጣለች። ይህን ለመተካት ወደ 60 ግራም ቆሎ ያስፈልጋታል። የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ለወተቱ ብቻ በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ትፈልጋለች።

በከተማ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚውል ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የበላው ሳይቃጠል ስብ ሆኖ ይከማችበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መምሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። የቤት ሥራም ከዚሁ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን ቢጠርግ፣ ልብሱን በእጁ ቢያጥብ ይጠቀማል። በቀን 1 ሰዓት ውሃ የምትቀዳ ሴት ግን በ3 ቀን 180 ደቂቃ ትሠራለች። እሷን የሚያስፈልጋት ተጨማሪ እንቅስቃሴ ሳይሆን ምግብና ዕረፍት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ከሁሉ ቀድማ የምትነሣው እሷ፣ ከሁሉ በኋላ የምትበላውም እሷ መሆኗ ነው። ከመሶቡ የተረፈው ካልበቃት ሰውነቷ የራሱን ስብና ጡንቻ ይበላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ባልና ሚስት፣ ወንድና ሴት ልጆች በአንድ መሶብ አብረን እንብላ። ለምታጠባ እናት ድርሻዋን እንጨምርላት። አህያ ያለን ውሃውን በአህያ እንጫን። ወንዶችም እንስራ መሸከምን እንደ ነውር አንቁጠር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ!

ጥያቄዎች

1. የእናንተ ውሃ መቅጃ ስንት ሊትር ይይዛል? ውሃው ስንት ኪሎ ይመዝናል?
2. ትናንት በቤታችሁ ቀድሞ የተነሣው ማን ነው? መጨረሻ የበላውስ?