አዲስ የተቈፈረ የጓሮ ጉድጓድ ውሃ እንዴት ይጠበቃል?



በግቢ ውስጥ ጉድጓድ ተቈፍሮ ውሃ ሲወጣ ትልቅ ደስታ ነው። እናት እንስራ አዝላ ወንዝ ከመውረድ ታርፋለች፤ ልጅቷም ውሃ ስትቀዳ ከትምህርት ቤት አትቀርም። ነገር ግን ውሃው ቀረበ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። የአዲስ ጉድጓድ ውሃ በቈፋሪው እግር፥ በባልዲው፥ በገመዱና ከላይ በሚወድቀው አፈር ይበከላል። ጭቃው ሰፍሮ ውሃው ኩልል ቢልም፥ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተውሳኮች በውስጡ ይቀራሉ። መጥራት ሌላ ነው፥ መንጻት ሌላ ነው። ከእነዚህ ተውሳኮች የሚመጣው ተቅማጥ ትልቁን ሰው ያደክማል፤ ሕፃኑን ግን ሊገድል ይችላል።

1ኛ/ ስለ ቦታው

ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት ቢያንስ 30 ሜትር፥ ይኸውም 40 ርምጃ ያህል ይራቅ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ጉድጓዱ ከላይ፥ መጸዳጃ ቤቱ ከታች ይሁን፤ ምክንያቱም እድፍ በመሬት ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል። የሚቈፈረውም በበጋ መጨረሻ ቢሆን ይሻላል። ያን ጊዜ የተገኘ ውሃ በሌላው ወራት አይነጥፍም።

2ኛ/ ስለ አፉ

አብዛኛው እድፍ የሚገባው ከላይ ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ የላይኛው ክፍል ወደ 3 ሜትር ያህል በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ። ግንቡም ከመሬት በላይ እስከ ጉልበት ከፍ ይበል። ዙሪያው ተለስኖ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ የፈሰሰው ውሃም በቦይ ይሂድ። ክዳን ይኑረው፤ ክዳኑም ሁልጊዜ ይዘጋ፤ ይህ ልጆችንም ከመውደቅ ያድናል። መቅጃው አንድ ባልዲ ብቻ ይሁን፤ ከተቀዳ በኋላ ይሰቀል እንጂ መሬት ላይ አይጣል። ከብት ከዚያው ከአፉ አጠገብ አይጠጣ።

3ኛ/ ስለ መጀመሪያው እጥበት

ግንቡ ካለቀ በኋላ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ተቀድቶ ይደፋ። ቀጥሎ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታከማል። የክሎሪኑ መጠን እንደ ውሃው ብዛት ስለሚለያይ በግምት አትጨምሩ፤ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ጉድጓዱ ተከድኖ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ፤ እስከዚያ ማንም አይጠጣበት። በማግሥቱ የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እየቀዳችሁ፥ ከአትክልትና ከጅረት አርቃችሁ ድፉት። ይህ እጥበት የዚያን ቀን ተውሳክ ይገድላል እንጂ የነገውን አይከለክልም። ክረምት ጎርፍ ከገባበት እንደገና መታከም አለበት።

4ኛ/ ከጉድጓድ እስከ አፍ

ንጹሕ ውሃም ቢሆን በቤት ውስጥ ይበላሻል። የመጠጥ ውሃ አፈ ጠባብና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ጀሪካኑን በሳሙናና በንጹሕ ጠጠር እየናጣችሁ እጠቡ። ከእንስራ በጣሳ ስትቀዱ ጣታችሁ ውሃውን ይነካል፤ ስለዚህ አዘንብላችሁ ቅዱ፥ ወይም እጀታው ረዥም በሆነ ጭልፋ ተጠቀሙ። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ልጅ ካጸዳዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና፥ ሳሙና ከሌለም በዐመድ ታጠቡ።

5ኛ/ ውሃውን ስለ ማከም

ውሃውን አፍሉት። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አገር ግን ውሃ ብዙ ሳይግል ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። እንጨት ከቸገረ ለቤት የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና ከመጠጣታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ግን አስቀድሞ ይስፈር፥ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅም ይጠለል፤ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ኃይሉ ይደክማል።

በስምጥ ሸለቆ ለምትኖሩ ግን አንድ ነገር አለ። በዚያ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ይበዛበታል፤ እሱም የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፥ አጥንትንም ይጎዳል። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን አያስወግደውም፤ ስለዚህ ውሃውን በጤና ወይም በውሃ መሥሪያ ቤት በኩል ማስመርመር ያስፈልጋል።

«ታዲያ አያቶቻችን ይህንኑ ውሃ ጠጥተው አድገው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፥ ያደጉት አድገዋል፤ በልጅነታቸው የተቀበሩት ግን ዛሬ ቆመው አይመሰክሩም።

6ኛ/ ስለ ሕፃናት

እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም ቅቤም አይሻም። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጡት አትከልክሉት፥ ምግቡንም አትቀንሱበት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ደጋግማችሁ አጠጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። የሚሰጠውን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ጨርሱለት። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለመወያያ፦
ሀ/ ጉድጓዳችን ከመጸዳጃ ቤቱ ስንት ርምጃ ይርቃል?
ለ/ ባልዲያችን አሁን የት ነው ያለው?
ሐ/ ዛሬ ልጆቻችን የጠጡት ውሃ ታክሟል ወይ?

መልሱ ካላስደሰታችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ባልዲ መስቀልና አፍ መክደን ገንዘብ አይጠይቅም።