ዛምቢያና ቦትስዋና፦ ከሁለት ጎረቤታሞች የምንማረው



የዚህ እትም የጥናት ጽሑፋችን በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኙትን ዛምቢያንና ቦትስዋናን ጎን ለጎን አቅርቦ ይመለከታል። የተዘጋጀውም በየአጥቢያው ላሉት የውይይት ቡድኖችና በየፕሮጀክቱ ለተሰማሩት ባልደረቦቻችን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ስለ አገሮች ድህነትና ብልጽግና በተነሣ ቁጥር ሁለት መልሶችን ደጋግመን እንሰማለን። “ያ አገር ያለፈለት ከመሬቱ ሀብት ስለ ወጣለት ነው” የሚሉ አሉ። “ይኸኛው የደኸየው ሕዝቡ ሰነፍ ስለ ሆነ ነው” የሚሉም አይጠፉም። እነዚህ መልሶች ለአፍ ይቀላሉ፤ በልማት ሥራ ለተሰለፈ ሰው ግን አይበጁም። የመጀመሪያው ሰውን ዕድል ጠባቂ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በተቸገረው ወንድሙ ላይ ፈራጅ ያደርገዋል። የእነዚህ ሁለት አገሮች ታሪክ ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ ይኸውም “በደጉ ዘመን የተገኘው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? ደጉ ዘመን ሲያልፍስ ምን ቀረ?” የሚል ነው።

1. ተመሳሳይነታቸው

ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት ካዙንጉላ በተባለ ስፍራ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ነው። የጋራ ወሰናቸው እጅግ አጭር ከመሆኑ የተነሣ በካርታ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በ2021 በወንዙ ላይ 923 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ እስኪመረቅ ድረስ፣ የጭነት መኪናዎች በጀልባ ለመሻገር ቀናት ይጠብቁ ነበር።

ሁለቱም የባሕር በር የላቸውም። ሁለቱም በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ቆይተው ዛምቢያ በኦክቶበር 1964፣ ቦትስዋና በሴፕቴምበር 1966 ነፃ ወጡ። የሁለቱም የውጭ ንግድ በዋናነት የቆመው በአንድ ማዕድን ላይ ነው፤ የዛምቢያው በመዳብ፣ የቦትስዋናው በአልማዝ። ከነፃነት ወዲህ ሁለቱም የርስ በርስ ጦርነት አላዩም። የገንዘባቸው ስም እንኳ የሕዝቡን ተስፋ የሚናገር ነው፤ የዛምቢያው ክዋቻ “ንጋት” ማለት ሲሆን፣ የቦትስዋናው ፑላ “ዝናብ” ማለት ነው።

በሕዝብ ብዛት ግን በጣም ይለያያሉ። በ2022 በተደረገው ቆጠራ ዛምቢያ 19.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ አብዛኛው መሬቷ በካላሃሪ በረሃ የተያዘው ቦትስዋና ከ2.3 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ብቻ ነበራት። ይህ ልዩነት በማወዳደሪያችን ሁሉ ሊዘነጋ አይገባም። ለ2 ሚሊዮን ሰው የሚበቃ ገቢ ለ20 ሚሊዮን አይበቃምና።

2. ሲነሡ የትኛው ይሻል ነበር?

በነፃነት ጊዜ የተሻለ ተስፋ የተጣለባት ዛምቢያ ነበረች። የመዳብ ማዕድኗ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነበር፤ የባቡር ሐዲድ፣ የማዕድን ከተሞችና ታላቁ የካሪባ ግድብ ኤሌክትሪክ ነበራት። የነፍስ ወከፍ ገቢዋም ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ከከፍተኞቹ የሚቆጠር ነበር። ጉድለቷ የተማረ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ዜጎቿ 100 ያህል ብቻ ነበሩ።

ቦትስዋና በበኩሏ ከዓለም እጅግ ድሆች አገሮች አንዷ ነበረች። እንግሊዞች ያስተዳድሯት የነበረው ከወሰኗ ውጭ፣ በደቡብ አፍሪካ ከምትገኘው ከማፊኪንግ ከተማ ሆነው ነበርና፣ በአገሯ ውስጥ ዋና ከተማ እንኳ አልነበራትም፤ ጋቦሮኔ የተቆረቆረችው ለነፃነቱ ዝግጅት ሲደረግ ነው። አስፋልት የለበሰው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ዜጎች 22 ያህል ነበሩ። በ1960ዎቹ የደረሰው ድርቅም ሕዝቡ የሚተማመንበትን ከብት ፈጅቶት ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱን አገሮች ያየ ሰው የትኛዋ እንደምትቀድም ለመናገር አይቸገርም ነበር።

ነገሩ ግን ተገለበጠ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እጅግ ኋላ ቀር ከሚላቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ዛምቢያ በ1991 ስትገባ፣ ቦትስዋና በ1994 ከዚያው መዝገብ ወጣች። ከመዝገቡ በመውጣትም ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

3. መዳቡ ዋጋ ሲያጣ

ዛምቢያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢዋን ለበጎ ሥራ አውላለች። ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች በብዛት ተሠሩ። በ1966 የተከፈተው የዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ተራው ሕዝብ ከገንዘቡም ከእህሉም አዋጥቷል። በዚያው ዘመን ግን በስተደቡብ ያለችው ሮዴሽያ በነጮች አገዛዝ ሥር ነበረችና፣ ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ የነፃነት ታጋዮችን በመደገፋቸው አገራቸው ከባድ ዋጋ ከፍላለች። በ1973 የሮዴሽያ ድንበር ሲዘጋ መዳቡ ወደ ባሕር የሚወጣበት ዋና መንገድ ተቋረጠ። ከታንዛኒያ ጋር የሚያገናኘው 1,860 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በቻይና ብድር የተሠራውም ይህን ችግር ለመወጣት ነው።

ከባዱ ምት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከውጭ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያስገኘው መዳብ በ1974 ከነበረበት ከፍተኛ ዋጋ በ1975 ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የነዳጅ ዋጋ ደግሞ ጨመረ። መንግሥት “ዋጋው ይመለሳል” በሚል ተስፋ ወጪውን ሳይቀንስ ተበደረ፤ ዋጋው ግን ለብዙ ዓመታት አልተመለሰም። ከ1970 ጀምሮ በመንግሥት እጅ የገቡት ማዕድን ማውጫዎችም የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያና እድሳት ሳያገኙ አረጁ። በከተማ ያለው ሕዝብ የሚኖርበት የበቆሎ ዱቄት በመንግሥት ድጎማ ርካሽ ሆኖ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ገበሬው ለልፋቱ ተገቢውን ዋጋ አያገኝም ነበር። በዲሴምበር 1986 ድጎማው በድንገት ሲነሣ በመዳብ አምራቾቹ ከተሞች ረብሻ ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ፤ ድጎማውም ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የዛምቢያ ሕዝብ ሰነፍ አልነበረም፤ መሪዎቹም ሁሉ ክፉ አልነበሩም። ካውንዳ በ1991 በምርጫ ሲሸነፉ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረክበዋል። አገሪቱን የጎዳት ሁሉም ነገር በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠሉ፣ በደጉ ዘመንም ለክፉ ቀን በቂ አለመቀመጡ ነው።

4. አልማዙ ሲገኝ

በቦትስዋና አልማዝ የተገኘው ከነፃነት በኋላ በ1967 ነው። ስፍራው ኦራፓ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ አልጋ ወራሽ የነበሩበት የባማንግዋቶ ጎሣ አገር ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ የማዕድን መብት ከየጎሣው ወደ መላው አገር ተዛወረ። ስለዚህ አልማዙ የአንድ ጎሣ ሳይሆን የሁሉም ሆነ። የኦራፓ ማዕድን በ1971፣ የጁዋኔንግ በ1982 ሥራ ጀመሩ። መንግሥት ከደ ቢርስ ኩባንያ ጋር እየተደራደረ ከ15 በመቶ የተነሣውን የባለቤትነት ድርሻውን በ1975 ወደ 50 በመቶ አደረሰው።

ገንዘቡ የሚወጣውም በፓርላማ በጸደቀ የልማት ዕቅድ ነበር፤ በዕቅዱ ያልተያዘ ሥራ በባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ አይጀመርም። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የጉድጓድ ውኃና መንገድ ቅድሚያ አገኙ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ በ1980 ተነሣ። በዕቅዱ ከተያዘው የተረፈው በ1994 በተቋቋመው የፑላ ፈንድ ውስጥ ተቀመጠ። ሕዝቡም ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ በ1976 ለዩኒቨርሲቲ መሥሪያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ከብት እንዲሰጥ ጥሪ ሲደረግ፣ ከብት የሌለው እህልና ገንዘብ አምጥቷል።

ፍሬው በ1980ዎቹ ድርቅ ጊዜ ታየ። ዝናቡ ለዓመታት ሲጠፋ መንግሥት ሕፃናትን በክሊኒኮች በኩል መገበ፤ ለሥራ አጦችም በመንገድና በግድብ ሥራ ደመወዝ ከፈለ። ሰብል ጠፋ፤ ከብት አለቀ፤ ረሃብ ግን ሕዝቡን አልፈጀም። የድርቅና የረሃብን ልዩነት ለምናውቅ ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

5. በቁጥር የማይታየው

ይሁንና ቦትስዋናን እንደ ፍጹም ምሳሌ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱም አገሮች በዓለም ከታዩት እጅግ ሰፊዎች አንዱ ነው። የአልማዝ ሥራ ብዙ ገንዘብ ቢያስገባም ብዙ ሰው አይቀጥርምና፣ በቦትስዋና የወጣቶች ሥራ አጥነት ከባድ ነው። የሳን ሕዝቦች ከኖሩበት ከማዕከላዊ ካላሃሪ እንዲነሡ ተደርገው፣ በ2006 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል።

የኤድስ በሽታም ሁለቱንም አገሮች ክፉኛ መትቷል። በቦትስዋና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአራት አዋቂዎች አንዱ ያህል በቫይረሱ ተይዞ ነበር። መንግሥት ግን በ2002 መድኃኒቱን ለዜጎች በነፃ ማደል ጀመረ፤ በአፍሪካም በዚህ ቀዳሚ ሆነ። ያጠራቀመው ገንዘብና የዘረጋው ክሊኒክ ባይኖር ይህ አይቻልም ነበር።

ድሃይቱ ዛምቢያ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረች። በደቡብ ዛምቢያ ቺካንካታ በሚገኘው የሳልቬሽን አርሚ ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች በ1987 በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ጀመሩ። አልጋ ሲጎድል ቤተሰቡንና መንደሩን የእንክብካቤው ተካፋይ አደረጉ። ይህ አሠራር በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። ስለዚህ ከሀብታሙ ብቻ እንማራለን ብሎ የሚነሣ ሰው ግማሹን ትምህርት ያጣል።

6. የቅርብ ዓመታት

ዛምቢያ በ2005 አብዛኛው ዕዳዋ እንዲሰረዝላት በቅታ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ግን እንደ ገና በብዛት ተበድራ በኖቬምበር 2020 መክፈል አቃታት። በ2022 የሁለተኛ ደረጃን ጨምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያን ብታነሣም፣ በ2024 የደረሰው ድርቅ በቆሎዋን አጠፋ፤ የካሪባንም ውኃ አጎደለና አገሪቱን ያለ መብራት አስቀመጣት።

ቦትስዋናም አላመለጠችም። በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን እየተሻማ ሲሄድና ከ2023 ወዲህ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ የመንግሥት ገቢ አሽቆለቆለ። በ2024 ከነፃነት ጀምሮ የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። በኦገስት 2025 ፕሬዚዳንት ዱማ ቦኮ የመድኃኒት እጥረት በመድረሱ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ስድሳ ዓመት ያህል በጥንቃቄ የኖረች አገር ይህ ከደረሰባት፣ መቆጠብ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህል ያከማቸው ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንደሚያልፉ ዐውቆ ነበር። ጎተራው የሚሞላው ከአንድ ማሳ ብቻ ከሆነ ግን፣ ማሳው ሲነጥፍ ጎተራውም መጉደሉ አይቀርም።

7. ለሥራችን

ከዚህ ጥናት ለፕሮጀክቶቻችን ሦስት ነገሮች እናተርፋለን። አንደኛ፣ የተገኘው ሀብት የሁሉም መሆኑ አስቀድሞ በግልጽ ይወሰን፤ ወፍጮም ሆነ የውኃ ጉድጓድ የአንድ ወገን ከሆነ ጠብ ያመጣል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ በእጅ ሳለ ለጥገናና ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ይላሉ አባቶቻችን። ሦስተኛ፣ የገቢው ምንጭ ከአንድ በላይ ይሁን። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ለብዙ ፕሮጀክቶች ብቸኛው መዳባቸው ሆኗል፤ ዋጋውንም የሚወስኑት እኛ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ “ያ መንደር የደኸየው በስንፍናው ነው” ሲባል ሰምታችኋል? እውነተኛዎቹን ምክንያቶች ዘርዝሩ።

2. የመንደራችሁ ዋና ገቢ ከአንድ ምርት፣ ለምሳሌ ከቡና ነው? ዋጋው በግማሽ ቢወርድ የትኞቹ ቤተሰቦች ቀድመው ይጎዳሉ?

3. የዛምቢያና የቦትስዋና ሕዝብ ለዩኒቨርሲቲያቸው እህልና ከብት አዋጥተዋል። አጥቢያችሁ ከውጭ ሳይጠብቅ ከራሱ ሊያዋጣ የሚችለው ምንድን ነው?

4. የፕሮጀክታችሁ እርዳታ በሚቀጥለው ዓመት ቢቋረጥ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? የትኛውስ ይቆማል? የሚቆመውን ለማዳን ዛሬ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ በሚቀጥለው የፕሮጀክት ጉብኝት ጊዜ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን።