የጓሮ ጎመንና የጎረቤት ድርሻ

የዋግ አገር ዝናሙ ጥቂት ነው፤ በ1977 ዓመተ ምሕረት በድርቅና በረኃብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በሐምሌ 2007 መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጕድለት እንዳይቀነጭሩ፣ እስከ 2022 ድረስ የሚፈጸም ቃል ገባ፤ ይኸውም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ።

ነገር ግን ቃል ብቻውን ሕፃን አያጠግብምና እያንዳንዱ ቤት ይርዳ። ተማሪ በጓሮው አንድ መደብ ጎመን ይትከል፤ ሳሙና ያልነካውን እጣቢ ውሃ ያጠጣው። ጎመን ልቡ ሳይነካ የታች ቅጠሉ ቢቀነጠስ መልሶ ያቈጠቍጣል። እንግዲህ ከቤት የተረፈው ሳይሆን፣ መጀመሪያ የተቀነጠሰው እስር ሕፃን ላላት ችግረኛ ጎረቤት ይሰጥ። ሕፃኑ 6 ወር ካለፈው ተቀቅሎና ደቆ በገንፎው ይገባለታል። የሰጠ ሰው ጓሮ ባዶ አይሆንም፤ ቅጠሉ ይመለሳልና።