ክኒኑ ለምን ይቋረጣል?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እሑድ እሑድ በዶራና በቡርጅ ሃሙድ የምናገኛቸውን እኅቶቻችንን የሚነካ በመሆኑ የእኛም ጉዳይ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የጡት ካንሰር ይዟት በቀዶ ሕክምና የተረፈች ሴት፣ በሽታው እንዳይመለስባት የታዘዘላትን የሆርሞን ክኒን ለምን ታቋርጣለች? ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቸልተኛ ስለሆነች» ወይም «ስላልተማረች» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ሀ. መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

አብዛኛው የጡት ካንሰር ኤስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን እየታገዘ የሚያድግ ነው። በአዲስ አበባ በሚታከሙ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2014 (እ.አ.አ.) የታተመ ጥናት ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ከዚህ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ታሞክሲፈን ሆርሞኑ በካንሰሩ ሴል ላይ እንዳይሠራ ይከላከላል። እነ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ደግሞ የወር አበባቸው በዕድሜ በቆመ ሴቶች ዘንድ ሆርሞኑ እንዳይመረት ያደርጋሉ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 5 ዓመት ይቆያል። ታሞክሲፈንን 5 ዓመት የወሰዱ ሴቶች ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር የመሞት አደጋቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ ክኒኑን ማቋረጥ ማለት ይህን ያህል የሕይወት ድርሻ መተው ማለት ነው።

ለ. የማቋረጥ ምክንያቶች

በመጀመሪያ፣ ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ የጤና መድን ያላቸውን 8,769 ሴቶች ተከታትሎ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው በአግባቡ የፈጸሙት 49 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ «አለመማር» ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ታዲያ ምንድን ነው?

1. የመድኃኒቱ ጉዳት ዛሬ ይታያል፤ ጥቅሙ ግን አይታይም። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የብልት ድርቀት፣ የመንፈስ መጨነቅ ይመጣል። ሴቲቱ ክኒኑን ስትውጥ ትታመማለች፤ ስትተወው ይሻላታል። «ድኛለሁ» ብላ ለምታስብ ሰው መተው ሞኝነት አይመስልም።

2. የሚያስረዳ ሰው የለም። አንዱ ብልቃጥ ሲያልቅ ሕክምናው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

3. ልጅ የመውለድ ፍላጎት። ታሞክሲፈን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም። ይሁን እንጂ በ2023 የታተመ ጥናት፣ ቢያንስ ዓመት ተኩል ያህል ከወሰዱ በኋላ በሐኪም ክትትል ለመውለድ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ሴቶች፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታው ይበልጥ እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል። ስለዚህ በምስጢር ከማቋረጥ ጠይቆ ማቆየት ይሻላል።

4. ጾምና ጸበል። ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ማታ መዋጥ ይቻላል፤ ጾምን አያስፈታም። ጸበልን በተመለከተም፣ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው።

ሐ. በቤይሩት ያለው ሁኔታ

ከዚህ በላይ ያየነው የትም አገር ያለ ነው። እዚህ ግን ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በ2019 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት የሊባኖስን ሊራ ከ90 ከመቶ በላይ ዋጋ አሳጣው። ነሐሴ 4 ቀን 2020 (እ.አ.አ.) ወደቡ ሲፈነዳ በአጠገቡ በካራንቲና የነበረው የጤና ሚኒስቴር ዋና የመድኃኒት መጋዘን ተጎዳ፤ በአሽራፊዬ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታልም ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። በ2021 የካንሰር መድኃኒት ከመጥፋቱ የተነሣ ሕሙማኑ ራሳቸው በቤይሩት አደባባይ ወጥተው ጮኹ። የአገሩ ተወላጅ እንዲህ ከሆነ የቤት ሠራተኛዋ እንዴት ትሁን? በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሣሠረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ በእጇ የለም። ለክትትል ለመውጣት ማስፈቀድ አለባት። ሕመሟን ብትናገር ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች፤ ከቤት ከጠፋች ደግሞ ያለ ወረቀት ሆስፒታል መግባትን ትፈራለች። ይህች ሴት ክኒኑን «አቋረጠች» ከማለት «አቋረጡባት» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

መ. ምን ይደረግ?

ምክንያቱ ብዙ ከሆነ መፍትሔውም እንደዚያው ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ነርሶች ሠልጥነው ሕሙማንን እየመከሩና እየደወሉ ሲከታተሉ፣ መድኃኒቱን የሚቀጥሉት ሴቶች ቁጥር ጨምሯል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ሰው «እንዴት ሰነበትሽ? ክኒኑስ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ሕክምና መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

በመሆኑም እኅቶቻችንን የሚከተለውን እንምከር፦ ክኒኑ ካስቸገረሽ ዝም ብለሽ አትተዪ፤ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ወደ ሌላ መቀየር ወይም ስቃዩን ማስታገስ ይቻላል። እግርሽ በአንድ ወገን ቢያብጥ፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ያልተለመደ ደም ቢፈስሽ ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ወደ አገር ስትመለሺ የምርመራ ውጤትሽንና የመድኃኒትሽን ስም የያዘውን ወረቀት ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅሽ አትለዪ። አረብኛና እንግሊዝኛ የምናውቅ ተማሪዎች ደግሞ አብረን ሐኪም ቤት ሄደን ማስተርጎም እንችላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ቸልተኛ ናት» የሚለው ፍርድ ማንን ከኃላፊነት ያድናል?
2. ከላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውስጥ በምክር የሚወገዱት የትኞቹ ናቸው? የሥርዓት ለውጥ የሚጠይቁትስ?
3. ከእያንዳንዳችን መካከል በሚመጣው እሑድ አንዲት እኅት ለመጠየቅ የሚችል ማነው?