የዓይን ጠብታ ከመግዛትዎ በፊት

ፋርማሲ ገብቶ «ዓይኔ ቀልቷል፣ የሚሆን ጠብታ ስጡኝ» ማለት የተለመደ ነው። ከመደርደሪያው የሚወርደው ብልቃጥ ግን ብዙ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ሌላው ብግነት ያበርዳል፤ ሦስተኛው የደም ሥር ያጠባል፤ አራተኛው የጎደለ እንባ ይተካል። መልካቸውና መጠናቸው ስለሚመሳሰል ካላነበቡ በቀር አይለዩም። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ በሽታውን ሳይነኩ መቅላቱን ብቻ በአንድ ቀን ያጠፉታል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። መቅላቱ ሲጠፋ የዳንን ይመስለናል፤ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ፣ ሲያልፍም ለጎረቤት ልጅ እናስቀምጠዋለን።

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ውስጡ ምን እንዳለ ያልታወቀ ጠብታ ዓይን ውስጥ አይገባም።

ቀይ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም

መቅላት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከመቅላቱ ጋር ሌላ ምን አለ?» የሚለው ነው።

ሁለቱም ዓይኖች አጥብቀው የሚያሳክኩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው። ጠዋት ሽፋሽፍትን የሚያጣብቅ ቢጫ ዓይናር ካለ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ከጉንፋን ጋር የመጣ፣ ውሃ የመሰለ እንባ የሚያፈስና ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚዛመት ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። እሱን ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ አያድነውም፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሻላል። ከረጅም የስልክ ወይም የኮምፒውተር ሥራ በኋላ የሚቆረቁርና የሚያቃጥል ዓይን ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ከመቅላቱ ጋር ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብሌን ቁስለት፣ የውስጥ ዓይን ብግነት ወይም ድንገተኛ ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው።

ፀረ ባክቴሪያ ጠብታና ቅባት

በአገራችን በብዛት የሚገኙት አንድ በመቶ የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ናቸው። ቴትራሳይክሊንን ብዙ እናቶች ያውቁታል፤ ሕፃን እንደተወለደ በወሊድ ጊዜ ከሚተላለፍ ኢንፌክሽን ለመከላከል ዓይኑ ላይ የሚደረገው ቅባት እሱ ነው። ትራኮማ ባለባቸው አካባቢዎች በዘመቻ የሚሰጠውን የአዚትሮማይሲን መድኃኒት ለመውሰድ ዕድሜያቸው ላልደረሰ፣ ከ6 ወር በታች ላሉ ጨቅላዎችም የሚሰጠው ይኸው ቅባት ነው። ጠዋትና ማታ፣ ለ6 ሳምንት።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በታዘዙበት መጠንና ለታዘዙበት ቀን ሲወሰዱ ነው። በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ስለጠራ ብቻ ማቋረጥ ጠንካራ ጠንካራውን ተህዋስ ማትረፍ ይሆናል።

ስቴሮይድ፦ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው

ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሉኦሮሜቶሎን። ስማቸው ብዙውን ጊዜ በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» ያበቃል። ለብቻቸው ብቻ ሳይሆን ከክሎራምፌኒኮል፣ ከኒዮማይሲን ወይም ከቶብራማይሲን ጋር በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለውም ይሸጣሉ፤ ገዢው ፀረ ባክቴሪያ የገዛ ይመስለዋል። በሐኪም እጅ እጅግ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላና ለውስጥ ዓይን ብግነት ይታዘዛሉ።

ያለ ምርመራ ሲወሰዱ ግን እሳት እንደ ማዳፈን ነው፤ ከላይ አመድ ብቻ ይታያል፣ ፍሙ ከሥር ይቆያል። ዓይንን ያቀላው የሄርፒስ ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ ስቴሮይዱ የሰውነትን መከላከያ አስተኝቶ ተህዋሱ ብሌኑን እንዲበላ ሜዳውን ይለቅለታል።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ የሚወጣበትም ጠባብ ማጣሪያ አለው። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህን መውጫ ያጠበዋል፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ የእይታ ነርቭም ይጎዳል። ይህ ግላኮማ ነው። ከድንገተኛው ግላኮማ በተለየ ሕመም የለውም፤ ሰውየው ሲያውቀው የጠፋው እይታ አይመለስም። ከዚህም ሌላ ያለ ዕድሜ የዓይን ሞራ ያስከትላል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይነሣም።

ለዚህ በይበልጥ የተጋለጡት በየዓመቱ ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው አለርጂ ያለባቸው ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ የታዘዘው ጠብታ ተአምር ይሠራል፤ ከዚያ ወላጅ ባዶውን ብልቃጥ እያሳየ ደጋግሞ ይገዛል። ልጁ ማሳከኩ ሲብስበት ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ማድረግ፣ እንዳያሽ መከልከልና ለረጅም ጊዜ የሚሆን የአለርጂ ጠብታ ከሐኪም መጠየቅ ይሻላል።

መቅላት የሚያጠፉ፣ እንባ የሚተኩና የሚያደነዝዙ

ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን ያለባቸው ጠብታዎች የደም ሥሮችን አጥብበው ዓይንን ነጭ ያደርጋሉ። ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰዱ ኃይላቸው ባለቀ ቁጥር መቅላቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሰውም ያለ ጠብታው መውጣት ያቅተዋል። ሕፃን ልጅ ጥቂት እንኳ ቢጠጣቸው አደገኛ ስለሆኑ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

ለደረቀ ዓይን የሚሆነው ሰው ሠራሽ እንባ ነው፤ ለምሳሌ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ ያለበት። በብዙዎቹ ብልቃጦች ውስጥ ተህዋስ እንዳይራባ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ማቆያ ይጨመራል። ይህ ማቆያ ሲበዛ ራሱ ብሌንን ይቆጠቁጣል፤ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ የሌለውን፣ አንዴ ተከፍቶ የሚጣለውን ዓይነት ይምረጥ።

ማቆያ የሌለው መድኃኒት ግን ንጽሕናው ፍጹም መሆን አለበት። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማቆያ ሳይኖረው በባለብዙ ጠብታ ብልቃጥ ከተሸጠ ሰው ሠራሽ እንባ ጋር የተያያዘ፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተዛምቶ ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ18 ግዛቶች 81 ሕሙማን መዝግቧል፤ 4 ሰዎች ሲሞቱ 14ቱ ዓይነ ብርሃናቸውን አጥተዋል። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣው ጠብታ ከውጭ ስለመጣ ብቻ ጥሩ ነው አይባልም፤ እሱም ይነበባል።

እንደ ቴትራካይን ያሉ ማደንዘዣ ጠብታዎች ለምርመራ እንጂ ለቤት አይደሉም። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሠራተኛ ሌሊት ሕመሙ ሲብስበት ማደንዘዣ ይመኛል፤ ደጋግሞ ቢያደርገው ግን ብሌኑ መዳን ያቅተውና ይቆስላል። የብየዳ ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። መፍትሔው የሚገዛው ከሥራው በፊት ነው፤ ለብየዳ የተሠራ የፊት መከላከያ።

መለያው ላይ ምን ይነበባል?

መጀመሪያ የመድኃኒቱ ስም፤ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው። ቀጥሎ ለዓይን መሆኑ፤ የጆሮ ጠብታም በተመሳሳይ ብልቃጥ ይሸጣል። ከዚያ የማብቂያ ቀኑና የማሸጊያ ቀለበቱ አለመከፈቱ። በመጨረሻም የማስቀመጫ ሙቀቱ። ለምሳሌ የክሎራምፌኒኮል ጠብታ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ በፀሐይ ከሚሸጥበት ቦታ አይገዛም።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ከሙጫ አጠገብ አይቀመጥ። በትንሽ ቱቦ የሚሸጠውን ሱፐር ግሉ የዓይን ጠብታ መስሏቸው ዓይናቸው ውስጥ የጨመሩ ሰዎች በየአገሩ አጋጥመዋል።

ጠብታው እንዴት ይገባል?

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ብልቃጡ ላይ «ነቅንቁ» የሚል ካለ ይነቅንቁት። ቀና ብለው ጣሪያ ይመልከቱና የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ሳብ ያድርጉት። በቆቡና በዓይኑ መካከል ትንሽ ኪስ ትከፈታለች፤ ጠብታው የሚወድቀው እዚያ ነው። የብልቃጡ አፍ ቆቡንም ሽፋሽፍቱንም አይንካ፤ ከነካ ከዓይን ያነሣውን ተህዋስ ይዞ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

አንድ ጠብታ ይበቃል። ይህች ኪስ የምትይዘው ወደ 30 ማይክሮሊትር ሲሆን አንድ ጠብታ ብቻውን እስከ 50 ማይክሮሊትር ይደርሳል። ሁለተኛው ጠብታ ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው።

ከዚያ ሳይጨምቁ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ጫን ይበሉ። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቱቦ አፉ እዚያ ነው። ጠብታ ካደረጉ በኋላ ጉሮሮዎ የሚመርዎት በዚያ ስለሚወርድ ነው። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለግላኮማ የሚታዘዘው ቲሞሎል በዚህ መንገድ ወደ ደም ገብቶ አስም ሊቀሰቅስና የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይቆዩ፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ይሆናል። ዓይኑን አልገልጥ ያለ ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ እንደጨፈነ በውስጠኛው የዓይን ጥግ ላይ ጠብ ይደረግለትና ሲገልጥ ራሱ ይገባል።

የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። መለያው ሌላ ካላለ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ የማብቂያ ቀኑ ገና ዓመት ቢቀረውም። አንድ ብልቃጥ የአንድ ሰው ነው።

ኩል፣ ሌንስና መነፅር

ከጥንት ጀምሮ ኩል ብዙውን ጊዜ የሚፈጨው ጋሌና ከተባለ ድንጋይ ነው፤ ጋሌና ደግሞ እርሳስ አለው። እርሳስ በእጅም በአፍም ወደ ሰውነት ገብቶ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ባህላዊውን ኩል ለመዋቢያነት አትፈቅድም። ጨቅላን መኳል ከዚህ በኋላ ሊቀር ይገባል። አዋቂም ብትሆን ይዘቱ የተጻፈበትን ትምረጥ፤ መኳያዋን ለሌላ አታውስ፤ በምራቅም አታርጥብ። ዓይን ከቀላ መኳሉ ይቁም፤ ማስካራም በየሦስት ወሩ ይለወጥ። አለዚያ ነገሩ ቅንድብ አሳምራለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሆናል።

ለሠርግም ለፎቶም የሚደረገው ባለቀለም ኮንታክት ሌንስ እንደ ማንኛውም ሌንስ ተለክቶ የሚታዘዝ ነው። በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ውሃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል ብሌን የሚበላ ተህዋስ ሊኖር ይችላል። ተደርጎ አይተኛበትም፤ ከሰው አይዋዋሱትም። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከቀላ ያውጣውና በዚያው ቀን ይመርመር።

የፀሐይ መነፅር ጥቁረቱ መከላከያ አይደለም። «ዩቪ 400» የሚለውን ይፈልጉ። ከ40 ዓመት በኋላ የሚፈለገውን የንባብ መነፅር ከመደርደሪያ መግዛት ዓይንን አያበላሽም፤ ግን የዓይን ግፊትን ስለማይለካ ከምርመራ አያድንም።

በቤት የሚደረጉ ነገሮች

የእናት ጡት ወተት፣ ማር፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምራቅ፦ አንዳቸውም ከተህዋስ የጸዱ አይደሉም፤ ትንሽ ጭረት ያለበት ብሌን ላይ ሲገቡ ቁስለት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከቤት ሊደረግ የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ፤ እሱም ውሃ ነው። በረኪና፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ጠብታ ፍለጋ አይሩጡ። ወዲያው፣ እዚያው ባሉበት፣ ቆቡን ገልጠው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ ይጠቡት፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኖራ ከብዙ አሲዶች ይልቅ ዘልቆ ስለሚገባ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ስለት ወጋው ከሆነ ደግሞ አይታጠብም፣ አይታሽም፣ የተሰካም አይነቀልም፤ ሳይጫን ተሸፍኖ ሆስፒታል ይኬዳል።

ፋርማሲው መስኮት ላይ

ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ይህ ጠብታ ስቴሮይድ አለው? ለስንት ቀን ነው የምወስደው? በስንት ቀን ካልተሻለኝ ሐኪም ልይ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኙ በሁለት ቀን ያልተሻለ ዓይን ይመርመር። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነና ዓይንዎን ሐኪም አይቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ብልቃጡን ይመልሱና ገንዘቡን ለካርድ ያውሉት።